የአያ ባይህ ምስክር

ባለፈው መስከረም ራሴን እየወቀረ ሲያስቸግረኝ ከረመና፣ እዚሁ ደብረ ማርቆስ በቅርቡ በተከፈተ አንድ የምርመራ ቤት ኤም አር አይ ተነሣሁ። ውጤቱን ልሰማ ስገባ አንዲት ልጅ እግር ሐኪም ምስሉን ኮምፒውተሩ ላይ እያገላበጠች ጥቂት ቆየችና «እማማ፣ ከማን ጋር ነው የመጡት? ልጅዎ ካለ ይግባና ላነጋግረው» አለችኝ። ደሜ ፈላ። ራሱ የእኔ፣ ማሽኑ ውስጥ ግማሽ ሰዓት የተኛሁት እኔ፤ ነገሩ የሚነገረው ግን ውጭ ስልኩን ለሚነካካው ልጄ ነው። «የምትነግሪውን ለእኔ ንገሪኝ፤ እሱ ምን አገባው» ያልኩት ኮሪደሩ ላይ ለተቀመጠው ሰው ሁሉ ተሰምቷል።

ልጅቱ ደነገጠች። የአንጎሌ ነገር ደህና ነው፤ ሕመሙ የሳይነስ ኖሯል። ልጄን የፈለገችውም መድኃኒቶቹ ብዙ ስለሆኑ ሰዓታቸውን እንዲያስታውሰኝ ብላ ነው። ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኳትም። ይቅርታ ቶሎ የሚወጣልኝ ሰው አይደለሁም፤ ያስተማርኳቸው ልጆች ሁሉ ይህን ያውቃሉ። ባጃጅ ውስጥ ልጄ «እማዬ፣ ምን ነካሽ?» አለኝ። የነካኝ ነገር እሱ ሳይወለድ የሆነ ነው።

የተወለድኩት ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ ሽቅብ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች መንደር ነው። ብርድ አገር ነው፤ ገብስና ድንች እንጂ ጤፍ አይሆንለትም። ክረምት ሲገባ ጉሙ ቤት ድረስ ይመጣል፤ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። መሬታችን ከአያ ባይህ መሬት ጋር ይዋሰን ነበር። አያ ባይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አልወደውም። ከብት ድንበሩን ባለፈ ቁጥር ሰው የሚከስ፣ ልጆች በደጁ ስናልፍ ውሻውን የሚፈታ፣ ሠርግ ላይ እንኳ ተጠርቶ ነገር ሳይፈልግ የማይመለስ ሰው ነበር። ሳነጋግረው እርስዎ እለዋለሁ፤ በልቤ ግን አንተም ይበዛበታል።

አንድ ሰኔ ታላቅ ወንድሜ ስማቸው ሲያርስ፣ አያ ባይህ ሁለት ትልም ገፍተህብኛል ብሎ በሬዎቹ ፊት ቆመ። ተሰዳደቡ። ከዚያ አያ ባይህ ከሞተች ዓመት ያልሞላትን እናታችንን አንስቶ ሰደበ። ስማቸው በያዘው ዱላ ራሱን መታው። ብዙ ደም ፈሰሰ፤ ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት ተወስዶ ተሰፋና በወሩ ድኖ ተመለሰ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። በእኛ አገር የመታ ሰው የተመታውን ማሳከም አለበት። ካሳው ቢከፈልም፣ እርቁ ቢወርድም፣ የቁስሉ ጣጣ ከመቺው ቤት ትከሻ አይወርድም፤ ቁስሉ ካገረሸ እንደገና ማሳከም ነው። አባቴ በሽማግሌዎቹ ፊት ይህን ቃል ገባ። ሦስት ዓመት ምንም አልተሰማም። ከዚያ አያ ባይህ ራሱን ያመው ጀመር፤ ቀጥሎ ይጥለው ጀመር፤ ቀጥሎ ደግሞ ከጠባሳው ሁለት ጣት ያህል ራቅ ብሎ የራስ ቅሉ ላይ እብጠት ወጣ። እሱም ራሱን ተላጭቶ ጠባሳውንና እብጠቱን በየገበያው ለሰው ያሳይ ገባ። የስማቸው ዱላ በቀለ ተባለ። ብዙም ሳይቆይ መልእክት ተላከብን፤ ቃላችሁን ጠብቃችሁ አሳክሙት፣ ከሞተ ግን ደሙ ከስማቸው ይፈለጋል የሚል። አያ ባይህ ሁለት የደረሱ ወንዶች ልጆች ነበሩት፤ ሁለቱም ጠብመንጃ ነበራቸው። ወንድሜ ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቻውን ማሳ መውረድ ተወ።

የደብረ ማርቆስ ሐኪሞች፣ ኤም አር አይ የሚባል መሣሪያ አዲስ አበባ ስላለ እዚያ ይታይ አሉ። ማን ይዞት ይሂድ? የሁለቱ ቤት ወንዶች በአንድ አውቶቡስ ሊሄዱ አይችሉም፤ ገና መናኸሪያው ላይ ነገር ይነሣል። ደም የሚፈለገው ደግሞ ከወንድ ነው፤ ሴት አትገደልም፣ ገድላም አታውቅም ተብሎ ስለሚታሰብ ሽማግሌዎቹ ነገሩን እኔ ላይ ጣሉት። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከመምህራን ኮሌጅ ወጥቼ አማኑኤል ከተማ ማስተማር ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም። ወረቀት ማንበብ እችላለሁ፤ አዲስ አበባም የምታሳድረን አክስት ነበረችኝ። አባቴ አንዱን በሬ ሸጠው። አባቴ ከገበያ ሲመለስ ያ በሬ ደጃችን ላይ አለመታሰሩ ለአያ ባይህ የነበረኝን ጥላቻ በእጥፍ አሳደገው።

ሚያዝያ ላይ ተነሣን፤ አያ ባይህ፣ ሚስቱ እትዬ ጥሩወርቅና እኔ። እትዬ ጥሩወርቅ ዝምተኛ ሴት ነበረች። ለመንገድ በሶና የተቀቀለ ድንች፣ ለድንቹም በቁራጭ ጨርቅ የተቋጠረ ደረቅ አዋዜ ይዛለች። እኔ የገዛሁትን ነገር አያ ባይህ አልቀመሰም። ደጀን ላይ ሙዝ ገዝቼ ብሰጣቸው ሚስቱ ተቀበለችኝ፤ እሱ ከእጇ ነጥቆ በመስኮት ወረወረው። ልጣጩን ራሱ የሚልጠውን ሙዝ እንዴት አድርጌ መርዝ እንደምጨምርበት እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ውኃ ሲጠማውም ከላስቲኩ እኔ አስቀድሜ ካልጠጣሁ አይጠጣም። ጠጥቼ ስሰጠው ደግሞ አፉን በጋቢው ጠርጎ ነው የሚመልስልኝ።

ዓባይን ስንወርድ ሙቀቱ አውቶቡሱን ሞላው። ከጮቄ ብርድ ለመጣ ሰው ያ ቁልቁለት ሌላ አገር ነው፤ አየሩ ራሱ ይከብዳል። ሰዉ ሁሉ ልብሱን ሲያወልቅ አያ ባይህ ካፖርቱን ሳያወልቅ ላቡን እየጠረገ ተቀመጠ። ለምን እንደማያወልቅ በማግስቱ አዲስ አበባ ገባኝ። ከኤም አር አዩ ክፍል በር ላይ ባለሙያው፣ መሣሪያው ብረት ስለሚስብ ያለዎትን ብረት ሁሉ ያውጡ አለው። አያ ባይህ ሳንቲም አወጣ፤ ቁልፍ አወጣ። «ሌላስ?» ቢለው ወዲያና ወዲህ አየና ከካፖርቱ ሥር ክንድ የሚያህል ጩቤ መዞ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ያን ሁሉ መንገድ ጩቤ ታጥቆ የመጣው እኔን ፈርቶ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ በወቅቱ ደስ አለኝ።

በዚህም አላበቃም። ምስሉን የሚያጎላ መድኃኒት በክንዱ ይወጋል ሲባል «ይቺ ባለችበት መርፌ አልወጋም» ብሎ ተነሣ። አልጋው ላይ የመለሰችው ሚስቱ ናት። እኔ ወጥቼ ግቢው በር ላይ እንድቆምና እሱም በመስኮት እያየኝ እንዲወጋ ተስማማን። ፀሐይ ላይ ቆሜ ማሽኑ እንደ ቀጥቃጭ ቤት ሲደልቅ ሰማሁ። ስማቸውን አሰብኩ። ውጤቱ ዱላው ነው ካለ ወንድሜ የሞተ ሰው ነው፤ ሌላ ምኞት አልነበረኝም።

ከሰዓት በኋላ ውጤቱን የምትናገረው ሐኪም ከቢሮዋ ብቅ አለች። ድምጿ ዝቅ ያለ ጎልማሳ ሴት ናት። አንድ ራሱን የተላጨ ባላገር፣ አንዲት ነጠላዋን ያጣፋች እናት፣ አንዲት ቦርሳ ያንጠለጠለች ወጣት ተደርድረን ተቀምጠናል። እንደ አገሩ ልማድ በሽተኛውን አልፋ ተማረች ያለቻትን ጠራች። «ልጃቸው ነሽ?» ስትለኝ፣ ዘመድ አይደለሁም ብል ወረቀቱን እንዳትከለክለኝ ፈራሁና ቤተሰብ ነኝ አልኳት። በሩን ዘጋችው።

ፊልሙን ብርሃን ያለበት ሰሌዳ ላይ ሰካችው። ከዚያ በፊት የሰው አንጎል አይቼ አላውቅም። በጠላቴ ራስ ውስጥ እንዲህ ያለ የተጠቀለለ፣ የሚያምር ነገር መኖሩ ትንሽ አናደደኝ። በአንድ በኩል፣ ከራስ ቅሉ ሥር፣ የድንች መልክ ያለው ነጭ ነገር ተጣብቋል።

አንጎል ራቁቱን አይቀመጥም አለችኝ፤ ከራስ ቅሉ ሥር ሽፋን አለው፤ ይህ ዕጢ የበቀለው ከዚያ ሽፋን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከሽፋኑ የሚነሣ ዕጢ ቀስ እያለ ያድጋል፤ አጥንቱን ቢነካውም ያወፍረዋል። ይህኛው ግን አጥንቱን እየበላ ወደ ውጭ ወጥቷል። በእርሳሷ ጫፍ ጥቋቁር ክሮች አሳየችኝ፤ ደም ሥሮች ናቸው፣ ዕጢው በእነሱ ተሞልቷል። «እምብዛም የማናገኘው ዓይነት ይመስለኛል። ስሙ የሚታወቀው ግን ወጥቶ ሲመረመር ነው» አለች።

እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ዱላ ነው ያመጣው?»

«ዱላ እንዲህ ያለ ዕጢ አያበቅልም። የምት ምልክት ቢኖር የቆየ ደም ወይም የተሰነጠቀ አጥንት አይ ነበር፤ የለም። ይህንንም እጽፈዋለሁ።»

እንባዬ መጣ። ሐኪሟ ለአባቴ ያለቀስኩ መስሏት ትከሻዬን ያዘች። «ስሚኝ፣ በቶሎ ከወጣ ተስፋ አለው። ከዘገየ መጀመሪያ ዓይኑ ይሄዳል። ዛሬውኑ ቁጭ ብለሽ ሳታስደነግጪ ንገሪው፤ መወሰን ያለበት እሱ ነው። ካቃተሽ አስገቢውና እኔ እነግረዋለሁ።»

እኔ እነግረዋለሁ አልኳት።

ስወጣ እትዬ ጥሩወርቅ ተነሣች። አያ ባይህ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ አልተነቃነቀም። «ምን አለች፣ ልጄ?» አለችኝ። ፊልሙን በትልቁ ፖስታ ውስጥ እያስገባሁ ነበር። በዚያች ቅጽበት የታየኝ የሽማግሌዎቹ ጉባኤ ነው፤ ያን ሁሉ ሕዝብ ሰብስቤ፣ አያ ባይህን መሐል አስቀምጬ፣ ወረቀቱን ሳነብበት። እዚህ ብነግረው መንገድ ላይ ነገር ያበጃል፣ ልጆቹን ያዘጋጃል፣ ወረቀቱንም ይቀድዳል አልኩ ለራሴ። ይህ ምክንያት ውሸት አልነበረም፤ ዋናው ግን አልነበረም። ዋናው፣ ብቻውን ቢሰማው ደስታዬ እንዳይባክን ነው። «ሐኪሟ ወረቀቱ ለሽማግሌ ይነበብ ብላለች» አልኳት።

ስንመለስ አያ ባይህ በመስኮቱ በኩል፣ ሚስቱ መሐል፣ እኔ ዳር ተቀመጥን። ፖስታውን ጭኔ ላይ አድርጌ በሁለት እጄ ይዤዋለሁ። ዓባይን ተሻግረን ወደ ደጀን ስንወጣ አውቶቡሱ ያቃስታል፤ ከገደሉ ሥር የበሰለ ሣር ሽታ ይመጣል። አያ ባይህ ወንዙን ሲመለከት ቆየና ሁለት ሆኖ ይታየኛል አለ፣ ለማንም ሳይሆን። ጥቂት ቆይቶ በሚስቱ ላይ አንገቱን አስግጎ ወደ እኔ ዞረ። ያን ሁሉ ጊዜ «አንቺ» ወይም «የደመኛዬ እህት» እንጂ ሌላ ስም ሰጥቶኝ አያውቅም።

«ልጄ፣ ምን አለች?»

ድምጹ የሌላ ሰው ነበር። ፈርቷል። መፍራቱን አውቄያለሁ፤ አላወቅኩም ብዬ ራሴን አላታልልም። ያን ሰዓት ትዝ ያለኝ በመስኮት የወረወረው ሙዝ ነው፤ ጩቤው ነው፤ እናቴ ናት።

«ለሽማግሌ ነው የሚነበበው ብያለሁ» አልኩት።

ራሱን ወደ መስኮቱ መለሰ። ደጀን ለምሳ ስንወርድ እሱና ሚስቱ ከእኔ ራቅ ብለው ተቀመጡ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወጣ ባለው ሜዳ ተሰበሰብን። የእኛ ዘመዶች በአንድ ወገን፣ የእሱ በሌላው፤ በመሐል ሽማግሌዎቹ፣ ከእነሱም ፊት የደብሩ ቄስ። ፊልሙን አወጣሁና ወደ ሰማይ ገትሬ ያዝኩት። ሕፃናት ሳይቀሩ ተጠጉ። ሐኪሟ ያለችውን አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ፤ ሽፋኑን፣ የተበላውን አጥንት፣ ደም ሥሮቹን። ወረቀቱ ላይ የምት ምልክት አልታየም የሚለውን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ጥሩ አስተማሪ ነበርኩ።

ቄሱ «እንግዲህ ከዱላው አይደለም?» አሉ።

«አይደለም፣ አባ። የራሱ በሽታ ነው።»

ከእኛ ወገን እልልታ ተሰማ። እዚያው መንደር ያለችው ሌላዋ አክስቴ ናት። ስለ ሰው ራስ ዕጢ እልል ሲባል ያን ቀን ሰማሁ፤ ማንም ዝም አላሰኛትም፤ እኔም አላሰኘኋት። ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል፣ ቶሎ ከወጣ ይድናል፣ ካልሆነ ዓይኑ ይጠፋል የሚለውን የተናገርኩት ከዚያ በኋላ ነው። በሁካታው ውስጥ ስንቱ እንደሰማኝ እንጃ።

አያ ባይህ ግን ሰምቷል። በከዘራው ተደግፎ ተነሣ፤ እጁን እብጠቱ ላይ አሳረፈ።

«አባ፣ ራሴን ከፍተው ምስክሬን ሊያወጡብኝ ነው። የምትመሰክርልኝ ይቺ እብጠት ናት፤ እሷ ከወጣች ስማቸው ነጻ ነው፣ እኔ ደግሞ ሐሰተኛ። ፍርዴን ሳላገኝ አላስነካትም።»

ልጆቹ አባታችን እውነቱን ነው አሉ። ወረቀቱን በሬ ሸጠው አሠርተውታል ያለም ነበር። ቄሱ ለመኑት። እትዬ ጥሩወርቅ እግሩ ሥር ተቀምጣ የጋቢውን ጫፍ ያዘች። እሱ የሚያየው እኔን ብቻ ነው፤ ወይም በዚያ በደከመ ዓይኑ እኔ የቆምኩበትን ቦታ። እኔም እንዲህ አልኩት።

«እንግዲያው ምስክርዎን ይዘው ይሙቱ።»

ማንም አልገሠጸኝም። ያ ሰዓት የድል ሰዓት ነበር።

ሽማግሌዎቹ ስማቸውን ከደም ነጻ አደረጉት። አባቴም፣ ቃሌ ለዱላው ነበር፣ ዕጢውን እኔ አላበቀልኩትም ብሎ ከማሳከሙ እጁን አወጣ። ሕጉ ከእሱ ጋር ነበር። ፊልሙ ቄሱ ቤት ተቀመጠ። በሐምሌ የአያ ባይህ ዓይን ጨርሶ ጠፋ፤ ሚስቱ እጁን ይዛ በዝናብ ስትመራው ለክረምቱ ዕረፍት አገሬ ገብቼ በበራችን ሲያልፉ አይቻለሁ። ውሻችንን ጠርቼ ያዝኩት፤ ያደረግኩለት ይህን ብቻ ነው። በቀጣዩ ጥር ሞተ። ሐኪሟ እንዳለችው ስሙ ሳይታወቅ ዕጢው አብሮት ተቀበረ።

ልጆቹ ጠብመንጃቸውን አነሡ። ቄሱ ፊልሙን ይዘው መንገድ ላይ ቆመው፣ ይህን አይታችሁ ደም ብታፈሱ እገዝታችኋለሁ ብለው መለሷቸው። ወንድሜ ዛሬም በሕይወት አለ፤ ያንኑ መሬት ያርሳል፤ የልጅ ልጅ አይቷል። ያ ፊልም ነፍሱን አትርፎለታል። ይህን ማንም አይነሳኝም፤ ሐኪሟንም በዚህ አመሰግናታለሁ።

እትዬ ጥሩወርቅ አሁን ሸምግላለች። ልጇ ዘንድ ደብረ ማርቆስ ገብታ ገበያ ላይ ድንች ትሸጣለች። እኔም ከእሷ ነው የምገዛው፤ ለምን እንደሆነ ጠይቃኝ አታውቅም። አቻምና አንድ ቀን፣ ትልልቁን ድንች እየለየችልኝ፣ ስለ አየሩ እንደምታወራ ሁሉ ስለዚያ መንገድ አነሣች።

«ደጀን ለምሳ ስንወርድ እኮ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ዓይኔ ይበልጥብኛል፣ ይቺ ልጅ ይቆረጥ ብላ ካነበበች እቆረጣለሁ፣ ክሱንም ለእግዜር እተዋለሁ አለኝ። ሰው ሰብስበው ፊቱ እልል ሲሉበት ነው እልህ የያዘው። ያቺ ሐኪም ምን ነበረበት ለእሱ ለራሱ ብትነግረው? ምን ዓይነት ክፉ ሴት ናት ለሽማግሌ ይነበብ ያለች?»

ፌስታሌን ዘርግቼ ድንቹን ተቀበልኳት። እውነትሽን ነው፣ እትዬ፣ አልኳት።

አያ ባይህን ዛሬም አልወደውም። ሞት ሰውን ደግ ያደርጋል የሚሉትን አልቀበልም፤ እሱ ክፉ ጎረቤት ነበር፣ ክፉ ጎረቤት ሆኖ ሞተ። ግን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዓባይ ዳገት ላይ፣ ደመኛነቱን ትቶ በሽተኛ ሆኖ ጠይቆኝ ነበር፤ እንድነግረውም አደራ የተሰጠኝ እኔ ነበርኩ። ለእትዬ ጥሩወርቅ ይህን ልነግራት ብዬ ስንት ጊዜ ገበያ ወጥቼ ድንች ብቻ ገዝቼ ተመልሻለሁ። አሁን ጻፍኩት። የጻፍኩትም እሷ ማንበብ ስለማትችል ነው።